ጥቁሩ ሸክላ ወደ ዘጌ የተሻገረበት ቀን

ያ የዘፈን ሸክላ ቤታችን የገባው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሐይቁ ሞልቶ ዳር ዳሩን የበቀለውን የደንገል ቄጠማ እግር በዋጠበት ሰሞን ነው። ያመጣው ወንድሜ ነበር። ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ የሚማር የሃያ ዓመት ወጣት ነው፤ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አባታችን ለሥራ ከሸዋ መጥቶ እዚያው ትዳር ይዞ የቀረ የፋብሪካ መካኒክ ነው። እናታችን ደግሞ ከሐይቁ ማዶ፣ የዘጌ ልጅ ናት።

ወንድሜን ብየዳ ያስተማረው ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ፣ በዚያ ዘመን አባባል የወዳጅ አገር ሰው ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከሥራ ሲወጣ ብቻውን ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ወፎችን የሚያይ ሰው። ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸክላ ማጫወቻውንና አንድ ሸክላ ለወንድሜ ትቶለት ሄደ። ሲሰጠውም፣ «ይሄ በእኛም አገር አይወደድም፤ ስታዳምጥ ድምፁን ቀነስ አድርገው» አለው።

ሽፋኑን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ጥቁር ካባ የደረበ ቀንዳም ፍጡር መሐል ላይ ቆሟል። ዙሪያውን ቀይ ክብ አለ፤ ክቡ ውስጥ ፊደል የሚመስሉ፣ ግን ማንም የማያነባቸው ምልክቶች ተደርድረዋል። በጀርባው በኩል ጠጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ አራት ወጣቶች በመቃብር ድንጋዮች መካከል ሳይስቁ ቆመዋል።

«ሄቪ ሜታል ነው የሚባለው» አለኝ ወንድሜ። «ከባድ ብረት ማለት ነው።»

ቀኑን ሙሉ ብረት ሲያቀልጥና ሲያጣብቅ ለሚውል ሰው ስሙ ብቻ ይበቃው ነበር።

መጀመሪያ የሰማነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ለቅሶ ቤት በሄደችበት ነው። ወንድሜ ከሻይ ሣጥን ጣውላ የሠራትን ድምፅ ማጉያ ግድግዳው ሥር አስቀመጠና መርፌውን አሳረፈ። በመጀመሪያ የዝናብ ድምፅ መጣ። ከዝናቡ ኋላ ደወል፣ ከደወሉ ኋላ ያ ጊታር። በሬድዮ ከለመድነው ሁሉ የተለየ ነበር። አይጣደፍም፣ አያስጨፍርም፤ እንደ ከባድ በር ቀስ ብሎ ይከፈታል። እኔ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሜ ጆሮዬን ወለሉ ላይ አደረግሁ። ድምፁ በጉንጬ በኩል ገብቶ ደረቴ ውስጥ ሲሄድ ይሰማኛል። በመስኮቱ የሐይቁ ብርሃን ገብቶ ጣሪያው ላይ ይዋኝ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ የሚዋኘው ብርሃኑ ይሁን እኔ ልሁን መለየት አቃተኝ።

ከጢስ ዓባይ የሚመጣው መብራት አልፎ አልፎ ይደክም ነበር። ሲደክም ሸክላው ይዘገያል፤ የዘፋኙ ድምፅ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይወርድና መብራቱ ሲበረታ እንደገና ይነሳል። ለብዙ ሳምንት ይህን የዘፈኑ አካል ነው ብለን አምነን ነበር።

ግጥሙ ሽፋኑ ላይ አልታተመም። ስለዚህ እየሰማን በደብተር መጻፍ ጀመርን። ወንድሜ መርፌውን እያነሳ ይመልሳል፣ እኔ መዝገበ ቃላት አገላብጣለሁ። ስምንት ዘፈኖች ነበሩ። ስለ መናፍስት፣ ስለ ጥቁር ሻማ፣ ስለተከለከለ መጽሐፍ የሚናገሩ ናቸው። እኛ የወደድነው በሁለተኛው ፊት ያለውን፣ በጣም ቀስ የሚለውን ነው። እንደ ትርጉማችን ከሆነ አንድ ሰው ሐይቅ ዳር ቆሞ የሞቱበትን ሰዎች በስማቸው ይጠራል፤ ከውኃው በታች ደወል ይመልስለታል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እንግሊዝኛ መምህር ከሆንሁ ወዲህ፣ ያንን ዘፈን ደግሜ ለመስማት ዕድል አገኘሁ። ሐይቅ የሚል ቃል ጨርሶ የለበትም። ሐይቁን የጨመርነው እኛ ነን። ያኔ ግን የማውቀው ውኃ ሁሉ ጣና ስለነበር፣ ዘፋኙ እዚሁ እኛ ዳር የቆመ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ሽፋኑን ያየችው አልጋ ልታነጥፍ ገብታ ነው። አልጮኸችም። አማተበች።

«ይህ ነገር ከቤቴ ይውጣ» አለች።

«እማዬ፣ ዘፈን እኮ ነው» አላት ወንድሜ።

«ዘፈን ቀንድ የለውም» አለችው።

ወንድሜ ሸክላውን አላወጣም፤ ከአልጋው ሥር ሸሸገው። እናቴም መሸሸጉን እያወቀች ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወደዚያ ክፍል ስትገባ ፊቷ ይጠቁር ነበር።

ጥቅምት ላይ አባቴ የመለዋወጫ ዕቃ ሊያመጣ ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ተላከ። እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ታመመ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይዤው ክሊኒክ ሄድን፤ ደሙን አዩና «ወባ ነው» አሉን። በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን ሰጡን። አራቱን ዛሬ፣ ቀሪውን እንዲህ እንዲህ አድርጉ ብለው አስረዱኝ። ቤት ስንደርስ እናቴ ኪኒኑን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«እኔ እሰጠዋለሁ» አለች።

ጠዋትና ማታ ጸበል ስታጠጣው አያለሁ። ኪኒኑንም ትሰጠዋለች ብዬ አምኛለሁ። ትኩሳቱ ግን መጥቶ ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሳጥብ የነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ አገኘሁት። ፈታሁት። ኪኒኖቹ በሙሉ እዚያ ነበሩ፤ አንድም አልጎደለም።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኋት።

ከእጄ ወሰደችውና መልሳ ቋጠረችው። «ጸበል እየጠጣ መድኃኒት አይደባለቅበትም። መጀመሪያ ያ የገባበት ይውጣለት።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ እየቃዠ ያንን ቀርፋፋ ዘፈን በአፍንጫው ያዜም ጀመር። ዓይኑ ተከፍቷል፣ እኛን ግን አያየንም። እናቴ እኔን አየችኝ፤ «ሰማሽ?» የሚል አስተያየት ነበር።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ክሊኒክ የወሰድሁት እኔ ነኝ፣ ደሙ ውስጥ ምን እንደተገኘ የተነገረኝም እኔ ነኝ። ግን አልተናገርሁም። ዛሬ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ወለሉ ላይ ተጋድሜ ያሳለፍኋቸው እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች በዓይኔ መጡ። ትርጉሙን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ከውኃው በታች የተጠራው ነገር ሰምቶን ቢሆንስ? ብዬ አሰብሁ። በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ እንዲህ አሰብሁ።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ሸክላውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ።

«ዘጌ ተሻገሪና ለአጎቴ ስጫቸው። የሚያደርጉትን ያውቃሉ።»

አጎቷ መሪጌታ ናቸው። በጉልምስናቸው በብራና ላይ ጠልሰም የሚባለውን የፈውስ ሥዕል በመሣልና ክታብ በመጻፍ ከሐይቁ ማዶ እስከ ደልጊ ድረስ ስማቸው የተሰማ ሰው ነበሩ። ከብዙ ዓመት በፊት ግን በድንገት ተዉት። ለምን እንደተዉት ማንም አያውቅም፤ የሚጠይቃቸውም አልነበረም።

ያኔ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልግ ነበር። እናቴ ይለፉን በዋዜማው አስወጥታዋለች። ጀልባ መሳፈሪያው ላይ የቆመው ጠባቂ ወረቀቴን አይቶ ጥቅሉን በእጁ ነካ አደረገው።

«ምንድን ነው?»

«ለመሪጌታ የሚሄድ ሥዕል ነው» አልሁ። ውሸትም እውነትም ነበር። የሚያስፈራኝ ቀንዱ አልነበረም፤ ፈትቶ እነዚያን የማይነበቡ ምልክቶች ቢያይ ምን ይል ይሆን የሚለው ነው። በእኛ ሰፈር በአንድ ቁራጭ ወረቀት የተነሳ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ነበር። ጠባቂው አልፈታውም። «እለፊ» አለኝ።

ያ ጠዋት ሐይቁ ላይ ጉም ነበር። ጀልባው ከዳር እንደራቀ ከተማው ጠፋ፤ መጀመሪያ ዘንባባዎቹ፣ ቀጥሎ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ። ውኃና ሰማይ አንድ ዓይነት ቀለም ያዙ፤ ጀልባው በምንም ላይ ያልተቀመጠ መሰለ። እንጨት የጫነች ታንኳ ከጉሙ ውስጥ ወጣች፤ ቀዛፊው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠንና መልሶ ጉሙ ዋጠው። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ጌሾ ያወራሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ቤት የሚመጣ ይመስላል። ሸክላውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የሞተሩ ንዝረት ወደ ውስጡ ሲገባ ተሰማኝ። የሚዘፍን መሰለኝ። ለአንድ አፍታ ወደ ውኃው ልጥለው አሰብሁ። ግን በዚያ በእኛ ትርጉም ደወሉ ያለው ከውኃው በታች ነው፤ እዚያ መላክ የባሰ መስሎ ታየኝ። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥሁ።

ዘጌ ስደርስ ጉሙ ተገፍፏል። በቡናው ዛፎች ሥር ያለው መንገድ ርጥብና ጨለምለም ያለ ነው፤ ላይ ላዩን ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። መሪጌታን ደጃቸው ላይ፣ በር አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የአንድ መጽሐፍ ማኅደር ይሰፉ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው፤ የእናቴን መልእክትም አደረስሁ። ጥቅሉን ፈቱት።

ሽፋኑን ወደ ብርሃኑ አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ጣታቸውን በቀዩ ክብ ላይ ቀስ ብለው አዞሩ።

«ዓይን የለውም» አሉ።

«ምን አሉኝ የኔታ?»

«ጠልሰም ማለት ዓይን ነው፣ ልጄ። ሥራው ሁሉ ከዓይኑ ላይ ነው። ይህን የሣለው ሰው ቀንዱን ሲያሳምር ዓይኑን ረስቶታል። እነዚህም ፊደል አይደሉም፤ ፊደል ለመምሰል የተጻፉ ናቸው። ሰውን ለማስደንገጥ የተሣለ ነው እንጂ ለሌላ ነገር አይደለም።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ዜማው ምን ይላል?»

ደብተሩን አልያዝሁም፤ ግን ያንን ዘፈን በቃሌ አውቀው ነበር። በአማርኛ አንድ በአንድ አልሁላቸው። ሰውየው ዳር ላይ መቆሙን፣ የሞቱበትን መጥራቱን፣ ደወሉን። እጃቸው ከስፌቱ ላይ አረፈ።

«ዘፋኞቹ ፈርተዋል» አሉ ስጨርስ። «ልጅ ብቻውን በጨለማ ሲሄድ ጮክ ብሎ አይዘፍንም? እንደዚያ ነው። ክፋት አላየሁበትም።»

ነጠላውን መጠቅለል ጀመርሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ወንድምሽ ሕመሙ እንዴት ነው? ይበርደዋል?»

«መጀመሪያ ይበርደዋል፣ ከዚያ ይነድዳል፣ ከዚያ ያልበዋል። ከዚያ ደግሞ ይተወዋል።»

«ሐኪም አየው?»

«አይቶታል። ኪኒን ሰጥተውናል።»

«ዋጠው?»

መሬት መሬት አየሁ። «እናቴ በነጠላዋ ቋጥራዋለች» አልሁ።

መርፌውን ማኅደሩ ላይ ወጉት። ፊታቸው ተለወጠ። ድንገት በጣም ያረጁ ሆነው ታዩኝ።

«ስሚኝ» አሉ። «አንዲት ሴት፣ የሥጋ ዘመዴ፣ እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ልጅ ይዛ እዚህ ደጅ መጣች። የአራት ዓመት ልጅ ነው። ወደ ከተማ ሐኪም ልትወስደው ጀልባ እየጠበቀች ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ክታብ እጽፍለታለሁ፣ ይበቃዋል አልኋት። ሰባት ቀን ጽፌ በልጁ ቁመት ልክ ብራናውን ጨረስሁ። አሳምሬ ነው የሠራሁት፤ እንደዚያ ያለ ዓይን ከዚያ በፊትም በኋላም ሥዬ አላውቅም። በስምንተኛው ቀን ልጁ ሞተ። እሷ ዕድሜው ነው ብላ ተቀበለች። እኔ ግን ጀልባው ሦስት ጊዜ መጥቶ ሲመለስ እዚህ ተቀምጬ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ብራና አልነካሁም።»

ከቡናው መካከል አንድ ወፍ ደጋግሞ ይጮኻል።

«ጀልባው ሳይመለስ ውረጂ» አሉኝ። «ለእናትሽ፣ ጸበሉን የባረከ መድኃኒቱንም ለሰው ሰጥቷል፣ አጎትሽ ነው ያለው በያት። አሁኑኑ ይዋጥ በያት። እምቢ ካለችሽ የነገርሁሽን ንገሪያት። ይህን ዕቃም ለባለቤቱ መልሽለት።»

ሮጥሁ። በዚያ ርጥብ መንገድ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ጀልባው ገመዱን ሊፈታ ሲል ደረስሁ። የመመለሻው መንገድ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ ፀሐዩ ውኃው ላይ ነጭ ሆኖ ይንቦገቦግ እንደነበር፣ እኔም መልእክቱን በከንፈሬ ስደጋግም እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ጥቅሉን በእጄ ስታይ ደነገጠች።

«አልተቀበሉሽም?»

«ክፋት የለበትም ነው ያሉት። ኪኒኑ አሁኑኑ ይዋጥ ብለዋል።»

«አንቺ ነሽ እንዲህ ያስባልሻቸው» አለች።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋት፤ ልጁን፣ ብራናውን፣ የተመለሰውን ጀልባ። ስናገር ፊቷን አላየሁም። ስጨርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ያቺ ሴት እህቴ ናት» አለች ቀስ ብላ። «የታላቄ ልጅ ነው። እኔ ነበርሁ ያዘልሁት፤ ሲሞትም እኔ ጀርባ ላይ ነበር።»

ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አክስቴን አውቃታለሁ፤ ልጅ የሌላት፣ ሳቂታ ሴት ናት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ፈታች። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ የወንድሜን ራስ በክንዷ ደግፋ አራቱን ኪኒን አንድ በአንድ አፉ ውስጥ አደረገችለት። ውኃውን ግን እኔ ነኝ ያጠጣሁት፤ ጣሳውን ልታነሳ አልቻለችም።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። በሦስተኛው ቀን ትራስ ተደግፎ ተቀመጠና ዓሣ አማረኝ አለ። የት ሄጄ እንደነበር ነገርሁት። «ዓይን የለውም» መባሉን ሲሰማ ሽፋኑን አስመጥቶ አገላብጦ አየውና፣ «እውነታቸውን ነው» አለ። በሕመሙ ጊዜ ስላዜመው ዘፈን ጠየቅሁት። ምንም አያስታውስም። የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልጋው በደንገሉ መካከል ቀስ እያለ ይንሳፈፍ እንደነበርና እናታችን ዳር ዳሩን በእግሯ ትከተለው እንደነበር።

አባቴ ሲመለስ ሽፋኑን መስኮት አጠገብ ወስዶ ተመለከተው። ስለ ሰይጣን አንድም ቃል አልተናገረም። «የቀበሌ ሰዎች እነዚህ ምልክቶች የማን ናቸው ብለው ቢጠይቁኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» አለ። ሽፋኑን ቆራርጦ ምድጃ ውስጥ ጨመረው፤ ሸክላውን ግን አልነካም። ወንድሜ የመኸር ዘመቻ ዜና በታተመበት ጋዜጣ ጠቅልሎ አኖረው፤ መርፌው እስኪያልቅ ድረስም ሰማነው። እናቴ አንዳንዴ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጥና ወደ ሥራዋ ትሄድ ነበር። ሸክላው በኋላ ቤት ስንቀይር ጠፋ። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በሰሜን የሬድዮ ሠራተኛ ሆኖ ቆየ፤ መንግሥት ሲለወጥ ከስቶ ግን በሕይወት ተመለሰ።

ወንድሜ በዳነ በወሩ፣ ኅዳር ውስጥ፣ እናቴ ዘጌ ልሂድ አለች። እኔ ሸኘኋት። አክስቴን ከቤቷ ወሰድናትና ሦስታችን ወደ መሪጌታ ደጅ ወጣን። እኔ የልጁ ነገር ይነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አላነሳውም። ስለ ቡናው ፍሬ አወሩ፣ ስለዚያ ዓመት ዝናብ፣ በሐይቁ ስለተወሰደ የአንድ ሰው ታንኳ። አክስቴ አንድ ጊዜ እንኳ ሳቀች፤ መሪጌታም እሷ ስትስቅ ቀና ብለው አዩአት። ልንሄድ ስንነሳ መሪጌታ ወደ ጓሮ ገብተው ሎሚ በቅርጫት ይዘው መጡ፤ ቅርጫቱን ለአክስቴ ሰጧት። ከባድ ነበር። እናቴ በአንድ በኩል ያዘችላት፣ ሁለቱ እህትማማቾች መካከላቸው አንጠልጥለውት ቁልቁለቱን ወረዱ። መሪጌታ መንገዱ እስከሚታጠፍበት ድረስ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ሸኙን።

«ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ ያንሸራትታል» አሉን።